ስልክ የማይሠራበት የዘንባባ ሸለቆ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ለንደን፣ አርችዌይ ካለው ሆስፒታል ደም ግፊቴን ተለክቼ ስወጣ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንድ ረጅም እንግሊዛዊ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል። አላወቅኩትም። እሱ ግን ትክ ብሎ አየኝና ፀዳለ የሚለውን ስሜን እንደ ድሮው አጣሞ፣ "ሴዳሌ!" አለ። ድምፁን ስሰማ ነው የለየሁት። ኮሊን ነው፤ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ ዘንባባ የሚወዱ ሰዎች ቡድን መሪ የነበረው። ሰውነቱ ሟምቶ ጆሮዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ስለ ባለቤቴ ስለ ወርቅነህ ጠየቀኝ፤ ጉልበቱ አላስወጣ ብሎት ቤት እንደሚውል ነገርኩት። "ደሴቲቱ ላይ የተነሣነውን ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ" አለኝ። "ሁላችንም ወደ ላይ፣ ወደ ዛፎቹ እናያለን። አንቺ ብቻ አንገትሽን ደፍተሽ መዳፍሽን ታያለሽ። ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ምን ይዘሽ ነበር?" ስልክ ነው ልለው ስል አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው ተጋፋ፤ እሱን ደግፈው አሳፈሩት። የእኔ ሌላ ቁጥር ነበርና ቀረሁ። በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩ። ከዚያ በኋላ የራሴ አውቶቡስ መጥቶ ሲሄድ እንኳ ልብ አላልኩም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ስቶክዌል ነበር። ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ፣ ፖርቱጋሎቹ ከሚጋግሩበት ዳቦ ቤት ጀርባ ያለው ቀይ ጡብ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ፤ ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ የሰጠን ቤት። ጠዋት ጠዋት የቀረፋና የተቃጠለ ስኳር ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ማታ ደግሞ የደረቀ ዓሣ። ማዕዘኑ ላይ አንድ ሶማሌ የስልክ ካርድ ይሸጥ ነበር። የአሁን ልጆች ካርድ ሲባል ምን እንደሆነ አያውቁም። አንበሳ የተሳለበት ባለ አምስት ፓውንዱ ለኢትዮጵያ ይሻላል ይባላል፤ በሳምንቱ ደግሞ አንበሳው ሌባ ነው፣ ሰማያዊው ይሻላል ይባላል። በሳንቲም ተፍቆ ቁጥሩ ይወጣል፤ ቁጥሩን ስትመቱ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ደቂቃ አለዎት ትላለች፤ ያለችው ግማሹ ሳይሞላ ይቋረጣል። ሶማሌው እኛን ለማስደሰት ብሎ የአማርኛ ካሴት ይከፍት ነበር። ያለው ካሴት ግን አንድ ብቻ ነው፣ የሠርግ ዘፈን። ዓመቱን ሙሉ እሱኑ ነው የሚያጫውተው። እኔ ልጄ በሕይወት መኖሩን ልሰማ ካርድ ስገዛ፣ ከጀርባዬ ሙሽራ ይታጀባል።

ልጃችን ኤርሚያስ አዲስ አበባ ነበር። እኛ ስንመጣ ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ትንሽ ስለቀረው ከታናሽ እኅቴ ከብርቄ ዘንድ ትተነው መጣን። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ አለፈ፤ ከተማው ታመሰ፤ አንድ ቀን ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከቤት የወጣ ልጅ ማታ አልተመለሰም። ስለ ፖለቲካው የሚያወሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ ከዚያ ዘመን የማውቀው የብርቄን ምሳ ዕቃ ነው። ብርቄ ያለበትን እስር ቤት ካወቀች በኋላ ስንቅ ታቀብላለች። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ በልቷል ማለት ነው፤ በልቷል ማለት አለ ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ምግቡ እንዳለ ይመለሳል። ያን ቀን ብርቄ እኔን ላለማስደንገጥ በስልክ ሌላ ሌላውን ታወራለች፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ክርስትና። እኔም ከወሬዋ ርዝመት አውቃለሁ። በስልክ የጽሑፍ መልእክት መላክ አገር ቤት ተዘግቶ ስለነበር ያለን ነገር ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኬ ከእጄ አይለይም። ክላፋም በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አሮጊቶቹን ገላ ሳጥብ እንኳ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ እይዘዋለሁ። ማናጀሯ ዋርኒንግ ሰጠችኝ። "ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድም" ስትለኝ "እሺ" እላለሁ፤ እንደገና እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

ወርቅነህ ግን ስልኩን አይነካም። ሲጠራ ውኃ ሊጠጣ ይነሣና ኩሽና ይገባል። አውርቼ ጨርሼ "ደህና ነው" ስለው "እሺ" ይላል እንጂ ሌላ ጥያቄ የለም። ይህ ነገር ውስጤን ያበግነው ነበር። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ጠዋት ተነሥቶ ጫማውን ይወለውላል። የሰው ልጅ እንዴት እንዲህ ይሆናል እላለሁ በልቤ።

እሱ የዕፅዋት መምህር ነው። አገር ቤት በመምህራን ማሠልጠኛ ዕድሜውን ሲያስተምር የኖረው ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። እዚያ መጽሐፍ ላይ በጥቁርና ነጭ የተሳለ፣ ሲሼልስ የሚባሉት ደሴቶች ላይ ብቻ የሚበቅል፣ ፍሬው በዓለም ላይ አቻ የሌለው አንድ ዘንባባ ነበር። ያንን ሥዕል ሰሌዳው ላይ እየገለበጠ ያስተምራል። ለንደን መጥቶ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከክላፋም የአሮጌ ልብስ ሱቅ በሦስት ፓውንድ የገዛትን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ወደ አንድ ትልቅ የመስታወት ቤት ይሄዳል። እዚያ በነጻ ዘንባባ ያጠጣል። ኮሊንንም ያወቀው እዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ ወሰደኝ። ስንገባ ሙቀቱ መነጽሬን አደበዘዘው። ዘንባባዎቹ መስታወቱን ነክተው አናታቸው ተጣሟል። "እነዚህ አልጠገቡም" አለኝ፣ ግንዱን በመዳፉ እየዳበሰ። "በአገራቸው፣ በገዛ አፈራቸው ላይ ቆመው ላያቸው ነው የምፈልገው።" እኔ ዘንባባ ሲባል የማውቀው ለሆሣዕና በጣት የሚጠለፈውን ቅጠል ነው። ሰው እንዴት ዛፍ ይህን ያህል ይናፍቃል ብዬ አሰብኩ። በዚያ ላይ ስልኬ እርጥበት እንዳይገባው በሻርፕ ሸፍኜ ስለነበር ልቤ እዚያ ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኩሽና ተቀምጦ ጠበቀኝ።

"ኮሊን መጥቶ ነበር" አለኝ። "ከቡድኑ ባልና ሚስት መሄድ አልቻሉም፤ ሰውየው ታመመ። ቦታቸውን ለእኛ ሰጥተዋል። ትኬቱ በስማችን ይቀየራል።"

"ወዴት?"

"ሲሼልስ። ዘንባባዎቹ ያሉበት።"

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። "ልጅህ ታስሮ አንተ ዘንባባ ልታይ?"

ሻዩን አማሰለ። ስኳር እንኳ አልጨመረበትም። "እዚህ ስለተቀመጥን ይፈታል እንዴ?"

"አይፈታም። ግን ሲደወል ቤቴ እገኛለሁ።"

"ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ አይደል ወይ፣ ፀዲ?"

"እዚያ ባይሠራስ? አንድ ነገር ቢሆንስ? ክፉ ወሬ ባሕር ዳር ተቀምጬ ልስማ?"

"አትበይ!" ብሎ ጮኸብኝ። ወርቅነህ በትዳራችን ዘመን ጮኾብኝ አያውቅም። እኔም ደነገጥኩ፤ እሱም ደነገጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንቺ ካልሄድሽ እኔም እቀራለሁ" አለና ማንኪያውን አጥቦ አስቀመጠ። ይህኛው ከጩኸቱ ይልቅ ከበደኝ።

ነገሩ ቤተ ክርስቲያን ሳይሰማ አልቀረም። ያን ጊዜ ተከራይተን የምንገለገልበት አዳራሽ መውጫው ጠባብ ነው፤ ሰው ሁሉ እዚያ ጫማውን ሲያደርግ ያወራል። "ልጇ እስር ቤት፣ እሷ ሽርሽር" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። ነጠላዬን ተከናንቤ ልወጣ ስል እማማ ተዋበች ክንዴን ያዙኝ። እሳቸው በቀደመው መንግሥት ዘመን ወንድማቸውን ያጡ ሴት ናቸው፤ ስለዚያ ግን ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

"ሂጂ ልጄ" አሉኝ።

"ሰው ምን ይለኛል፣ እማማ? እርስዎስ ምን ይሉኛል?"

"ሰው ስንቅ አያቀብልልሽም። ባልሽን ብቻውን አትተዪው።"

"እሱማ ምንም አልሆነ። ይበላል፣ ይተኛል።"

"ቅዳሴ ላይ ሲቆም አየዋለሁ" አሉኝ። ጫማቸውን አጎንብሼ አደረግኩላቸውና ሄዱ።

ሄድን። የስደተኛ የጉዞ ሰነዳችን ሰማያዊ ነበር፤ ለሁሉም አገር ያገለግላል፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር ይላል። ያንን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ልጅቷ ሰነዱን ገለባበጠችና አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋ ገለባበጠና ስልክ ደወለ። እኔ በዚያች ሰዓት ለንደን ተመልሰን እንዳንገባ የሚያደርግ ነገር ተገኘ ብዬ ፈራሁ። በኋላ "መልካም ጉዞ" ብለው መለሱልን። አየር ላይ ደግሞ ፊታችን ያለው ካርታ አለ። ትንሿ አውሮፕላን አዲስ አበባ ከሚለው ጽሑፍ ጎን ስትደርስ፣ ሞተሩ ቢበላሽና እዚያ ቢያርፍስ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ቢያርፍ እኮ ኤርሚያስ ካለበት ቅርብ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያርፍም እንዳያርፍም እየጸለይኩ አለፍነው። ወርቅነህ ካርታውን አጥፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የተኛ መሰለኝና ተናደድኩበት።

ፕራስላን የምትባለው ደሴት የደረስነው በጀልባ ነው፤ እኔ ባሕሩን አላየሁም፣ የማየው የእግሬን ጣት ነበር። የኮሊን ቡድን ሽማግሎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ሁሉም ካኪ ቁምጣ፣ ሁሉም ሰፊ ባርኔጣ፣ ሁሉም አንገታቸው ላይ መነጽር። እኔ ነጭ የሸራ ጫማና አበባ ያለበት ጉርድ ቀሚስ ለብሼ፣ ወርቅነህ ያቺኑ ግራጫ ኮት። "ሙቀት ነው እኮ" ስለው "ለዘንባባዎቹ ነው የለበስኩት" አለኝ፤ እየቀለደ ይሁን የምሩን አላወቅኩም። ሸለቆውን የምናየው በማግስቱ ነበር። ያው ቀን ደግሞ አገር ቤት ኤርሚያስ ችሎት የሚቀርብበት ቀን ነው። ብርቄ ከሰዓት ሳይሆን ጠዋት፣ የሆነውን እንዳወቀች እደውላለሁ ብላኛለች። በሰዓት ከአዲስ አበባ የምንራራቀው በአንድ ብቻ ነው። ከለንደን ይልቅ ለልጄ የቀረብኩ መስሎኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ሸለቆው መግቢያ ላይ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። ጥቂት እንደተራመድን ግን ድንገት ጨለመ። ወርቅነህ ቆመ። ሁሉም ቆሙ። አረንጓዴ ጨለማ ነው። ግንዶቹ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብለው ወጥተው፣ ወዲያ ላይ፣ እያንዳንዱ ቅጠል እንደ ትልቅ የተዘረጋ ማራገቢያ ሆኖ ሰማዩን ዘግቶታል። አንዲት ቅጠል ብቻዋን የእኛን ሳሎን ጣሪያ ትሸፍናለች። ከታች የረገፉት ቅጠሎች ቡናማ ሆነው ተቆልለዋል፤ ሲረገጡ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳሉ። ጥቋቁር ትላልቅ ፍሬዎች አናት ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ቢወድቅ ሰው ይገድላል። ኮሊን ካሜራውን አስደገፈና ሁላችንን ሰበሰበ። "ወደ ላይ እዩ!" አለ። በዚያች ቅጽበት ነው እኔ ስልኬን ያየሁት። ከማዕዘኑ ላይ ያሉት ትናንሽ መስመሮች አንድ በአንድ ጠፍተው ምንም አልቀረም።

"ወርቅነህ፣ ኔትወርክ የለም።"

አልሰማኝም። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እንዲህ ሆኖ ያየሁት ኤርሚያስ የተወለደ ቀን ነው።

"ወርቅነህ! ብርቄ ትደውላለች። እንውጣ።"

"አሁን ገባን እኮ። ፍሬ የያዘችው ሴቷ ዛፍ ከውስጥ ናት ብለዋል።"

"ልጅህ ችሎት ቆሟል፤ አንተ ሴት ዛፍ ትላለህ?"

ፊቱ ተለዋወጠ። "አንቺ ውጪ" አለኝ። "እኔ ትንሽ ልግባ።" ጀርባውን ሰጥቶኝ በመንገዷ ወደ ውስጥ ሄደ። ግራጫ ኮቱ በግንዶቹ መሀል ታየ፣ ጠፋ፣ ታየ፣ ጠፋ።

እያለቀስኩ ወጣሁ። በሩ ላይ ቲኬት የምትቆርጥ ወፍራም የደሴቲቱ ሴት ነበረች። ስልኬን ከፍ ዝቅ ሳደርግ አየችኝና ሳትጠይቀኝ አስፋልቱ የሚታጠፍበትን ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ። "እዚያ ጋ፣ ድንጋዩ ላይ ከቆምሽ ይይዛል" አለችኝ። ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። አንዲት መስመር መጣች። እስትንፋሴን ብለቅ የምትጠፋ እየመሰለኝ ክንዴን ሳላጥፍ ቆምኩ። የሚያልፉ መኪናዎች ይህቺ ሴትዮ ምን ሆነች ብለው ያዩኛል።

ነፋሱ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከሸለቆው ውስጥ ድምፁ መጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰፈር ሙሉ ቤት በሩን እየከፈተ የሚያላትም ይመስላል። ጥበቃዎቹ ፊሽካ መንፋት ጀመሩ፤ ነፋስ ሲሆን ቅጠሉም ፍሬውም ስለሚወድቅ ሰው ማስወጣት አለባቸው። ሰዎች እየተሯሯጡ ወጡ። የኮሊን ሽማግሎች ባርኔጣቸውን ይዘው ወጡ። ኮሊን ራሱ ወጣ። ወርቅነህ የለም።

"ወርቅነህስ?" ብዬ ከድንጋዩ ላይ ጮኽኩ።

ኮሊን ዞር ብሎ ቆጠረ። "ከፊታችን የወጣ መስሎኝ!"

ከድንጋዩ ልወርድ እግሬን አነሣሁ። ስልኩ ጠራ።

ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሳትም። ብወርድ ይቋረጣል። ብቆም ባሌ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ፍሬ በላዩ ላይ እየተወዛወዘ ነው። አነሣሁት።

"እትዬ! እትዬ ፀዳለ፣ ይሰማሻል?" የብርቄ ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ የሰው ጫጫታ አለ።

"ይሰማኛል! ተናገሪ!"

"ኤርሚያስን ዛሬ ጠዋት አወጡት..."

ተቋረጠ። መስመሯም ጠፋች።

አወጡት። ፈትተው አወጡት? ወይስ ከዚያ አውጥተው ወደ ሌላ ወሰዱት? ወይስ... ብርቄ ስትናገር ድምፅዋ የደስታ ነበር ወይስ የልቅሶ? ጫጫታው እልልታ ነበር ወይስ ዋይታ? ቃሏን በጆሮዬ ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት፤ በሰማሁት ቁጥር ይለዋወጣል። ስልኩ እንደገና አልጠራም። ከድንጋዩ ወረድኩ። ቲኬት ቆራጯ "አይቻልም፣ ተዘግቷል!" እያለች ቀሚሴን ያዘች፤ አስለቅቄ ገባሁ። ከኋላዬ ኮሊንና አንድ ጥበቃ እየጠሩኝ ተከተሉኝ።

ውስጡ ከበፊቱ የባሰ ጨልሟል። ግንዶቹ ይወዛወዛሉ፤ ይህን የሚያህል ዛፍ ሲወዛወዝ መሬቱ የሚሄድ ይመስላል። "ወርቅነህ! ወርቅነህ!" እላለሁ፤ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም። መንገዱ ከታጠፈበት አለፍ ብሎ፣ ሥሮቿ እንደ ድንኳን ዘንግ ከመሬት በላይ የቆሙ አንዲት ዘንባባ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከረባቱ ሳይላላ።

"ፊሽካውን አልሰማህም? ሰው ሁሉ ወጥቷል እኮ!"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ተደወለ?"

"ተደወለ።"

"አትንገሪኝ" አለ። "ትንሽ ቆይ። አትንገሪኝ።"

እጁን ያዝኩት። "እዚህ ስልክ አይሠራም፣ ፀዲ" አለኝ። "ከገባሁ ጀምሮ ልጄ ምንም አልሆነም። እዚህ እስካለሁ ምንም አይሆንም። ከዚህ ስወጣ ነው የሚነግሩኝ። ቤት ሳለሁ ስልኩ በጠራ ቁጥር አሁን ገደሉት ብዬ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ድምፁ እንዳይሰማኝ። ሌሊት ወደ ግድግዳ የምዞረው እንዳታዪኝ ነው።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስንት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ፣ ጀርባ ለጀርባ፣ ሁለታችንም ሳንተኛ አድረናል። እማማ ተዋበች ቅዳሴ ላይ ከሩቅ ያዩትን እኔ ከአጠገቡ ሆኜ አላየሁትም።

"አወጡት ብላለች" አልኩት።

"የት?"

"ተቋረጠ።"

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ተነሣና ኮቱን አራገፈ። "እንግዲያው እንውጣ" አለ። ተያይዘን መንገድ ስንጀምር ከኋላችን አንዲት ቅጠል ተገንጥላ ወደቀች፤ ቅጠል ስል የቤት በር የምታህል ናት። ኮሊንና ጥበቃው ደርሰው ሁለታችንንም እየገፉ አወጡን። ኮሊን ወርቅነህን "በዘንባባዎቹ ፍቅር ሊሞት ነበር" እያለ ለሁሉም ተናገረ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የሚያውቀው።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት የሳሎኗን ስልክ ሰጠችን። መደወል ጀመርን። አይገባም። ሲገባ ይያዛል። ወርቅነህ ኩሽና አልገባም፤ ከአጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ቁጥሩን አንድ በአንድ እየነገረኝ እኔ እመታለሁ፤ እንደማላውቀው ሁሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርቄ አነሣችው።

"የት ነው ያወጡት?" አልኳት፤ ሰላምታም አልነበረም።

አልተፈታም ነበር። ከከተማ ውጭ ወዳለ ሌላ እስር ቤት አዛውረውታል። ብርቄ ችሎቱ በር ላይ ቆማ መኪና ላይ ሲወጣ አይታዋለች።

"በእግሩ ነው የወጣው?" አልኳት።

"በእግሩ ነው፣ እትዬ። እጁን አንሥቶልኛል።"

ወርቅነህ ቀሚሴን ጎተተኝ። "ጫማ አድርጓል ወይ፣ ጠይቂያት።"

"ጫማ አድርጓል ወይ?"

"አድርጓል። ያቀበልኩትን ሹራብም ለብሷል።"

ነገርኩት። ወርቅነህ ግድግዳውን ተደግፎ እዚያው ወለሉ ላይ አለቀሰ፤ በሰው ቤት፣ በሰው ፊት። ባለቤቲቱ ሳሎኑን ለቅቃልን ወጣች።

ኤርሚያስ ከዚያ በኋላ እስር ቤት ስንት ወር እንደቆየ አሁን ይምታታብኛል። ለንደን ተመለስን፤ መግቢያው ላይ ያለችው የኢሚግሬሽን ልጅ ሰነዳችንን አይታ ስትመልስልን ያን ያህል አልፈራሁም። ስልክ ሲጠራ ወርቅነህ ኩሽና መግባቱን ተወ። እንደ ድሮው ዝም ይላል፤ ግን ከአጠገቤ ቆሞ ዝም ይላል። ሌሊት አንዳችን ከነቃን ሌላችንም መንቃቱን እናውቃለን፤ ስለዚህ መብራት አብርተን ሻይ እንጠጣለን። ይህ ጭንቀቱን አላቀለለውም፤ እንዲያውም አሁን ለእሱም እጨነቅ ጀመር።

ዛሬ ኤርሚያስ እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ የሁለት ሴት ልጆች አባት ሆኗል። ና ስንለው አልመጣም። ሲያስነጥስ በስልክ ብሰማ እንኳ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛም፤ "እማዬ፣ ጉንፋን እኮ ነው" ይለኛል።

የተፈታው በአንድ ተራ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከሥራ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ስልኩ ጠራ። ብርቄ መሰለችኝና ለወሬዋ ርዝመት ጆሮዬን አዘጋጀሁ። "እማዬ" አለኝ አንድ የወፈረ ድምፅ። አንደበቴ ተያዘ። ወርቅነህ ፊቴን አየና ስልኩን ከእጄ ወሰደው። እሱ፣ ስልክ የማይነካው ሰውዬ።

"ኤርሚ" አለ። "አባትህ ነኝ።"

ከዚያ ልጁ ምን ብሎ እንደጠየቀው አላውቅም፤ እሱ መኪናው ላይ በወጣበት ቀን እኛ የት እንደነበርን ሳይሆን አይቀርም፤ ወርቅነህ ስለ ዘንባባዎቹ መናገር ጀመረ። እኔም ሸለቆው ውስጥ ነበርኩ፤ ግን ያየሁት ስልኬን ነው። ዘንባባዎቹን የዚያን ከሰዓት፣ ከእሱ አፍ ነው የሰማኋቸው። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ አርፎ በአገዳው ተንሸራትቶ ወደ ገዛ ሥሯ እንዴት እንደሚወርድ፣ ወንዱ ዛፍ ለብቻ ሴቷ ለብቻ እንደሚቆሙ፣ ጥቁር በቀቀን እላያቸው ላይ ሲያፏጭ፣ እንሽላሊቶቹ የነሐስ ቀለም እንዳላቸው፣ ግንዱን በመዳፉ ሲነካው ቀዝቃዛ እንደነበር። እንደ ክፍል ውስጥ ነው የሚናገረው፤ ነጻ እጁ አየር ላይ ቅጠል ይስላል። እኔ ካፖርቴን እንደለበስኩ ጆሮዬን ከእሱ ጆሮ ጋር አጣብቄ ቆሜአለሁ።

"ፍሬውስ፣ አባዬ?" ሲል ሰማሁት። "ፍሬው ለመብሰል ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?"

"ዛፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰባት ዓመት ይቆያል።"

"ሰባት ዓመት!" አለ ኤርሚያስ። "እኔማ ታዲያ ቶሎ ነው የወረድኩት" ብሎ ሳቀ።

ወርቅነህም ሳቀ፤ እንባው በጉንጩ ላይ እየወረደ ሳቀ። "እናትህን ላቅርብልህ" ብሎ ስልኩን ሲሰጠኝ መስመሩ ተቋረጠ።

"ካርድ ነው፣ አትደንግጪ። ካርዱ አልቆበት ነው" አለኝ ወርቅነህ፤ ሳቁ ገና አልለቀቀውም። እኔ ግን ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ መስኮቱ ሥር ቆምኩ፤ መልሶ እስኪጠራም ከዚያ አልተነቃነቅኩም።